አርሞ መስጠትና ጽፎ መስጠት

«በሰው ወርቅ አይደምቁ» ይላሉ አበው። በተውሶ ጌጥ ሠርግ ቤት ገብቶ መታየት ይቻላል፤ ሠርጉ ሲበተን ግን ወርቁ ወደ ባለቤቱ፣ የተዋሰውም ወደ ባዶ አንገቱ ይመለሳል። እነዚሁ አበው ግን ሌላም ብለውናል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»። የመጀመሪያው አባባል በራስህ ቁም ሲለን ሁለተኛው ብቻህን አትሸከም ይለናል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የሚያስቸግረው በአንድ ቦታ ላይ ሁለቱን ማስታረቅ ያስፈለገ ዕለት ነው።

ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅበት ጠረጴዛ ነው። ተማሪው የራሱን ሥራ እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል፤ ያለ ማንም እርዳታ የጨረሰ ግን ከስንት አንድ ነው። አማካሪው መምህር ያየዋል፣ ጓደኛ ያነበዋል፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ዘመድ ያርመዋል፣ ጽሑፉን በኮምፒዩተር የሚለቅመው ልጅ ያስተካክለዋል፤ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሳይደክም ገጽ ሙሉ ይጽፍለታል። ለመሆኑ ከእነዚህ ሁሉ እጆች ተማሪውን የረዳው የትኛው ነው? የተካውስ የትኛው? እርዳታ የሚያበቃው፣ መተካት የሚጀምረውስ ከየት ላይ ነው?

ይህ የምሁራን ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከትም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በካርቱም ኑሯቸውን ከመሠረቱ ወገኖቻችን መካከል ለታናሽ ወንድሙ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን፣ «ልጄን በቋንቋው እርዱልኝ» ብሎ ጎረቤቱን የሚለምን፣ ሲለመንም እምቢ ማለት የሚያፍር ጥቂት አይደለም። ጥያቄው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስኖ የሚቀር አይደለም፤ ወደየቤታችን የሚገባ ነው።

በሦስት ቋንቋዎች መካከል

የካርቱምን ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ በአጭሩ እናስታውስ፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1902 የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተብሎ የተከፈተው ትምህርት ቤት በ1951 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆነ፤ ሱዳን ነጻነቷን ባገኘችበት በ1956 ደግሞ ወደ ሙሉ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። ለረጅም ዘመን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነበር። በ1990 መንግሥት የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ዐረብኛ እንዲሆን ወሰነ። የድኅረ ምረቃ ጽሑፍ ግን እንደየትምህርት ክፍሉ አንዳንዱ በዐረብኛ፣ አንዳንዱ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ሆኖ ቆየ።

በዚህ መካከል የገባ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በአማርኛ ያስባል፣ በዐረብኛ ያዳምጣል፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። አገር ቤት የቀረው ወንድሙም ቢሆን ከዚህ ችግር አላመለጠም። የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1978 ሲጀመር ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር፤ እስከ ዛሬም በአብዛኛው እንደዚያው ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የእናት ቋንቋ ያደገ ሰው፣ በሕይወቱ ከሁሉ የረቀቀውን ሐሳብ እንዲገልጽ የሚጠየቀው ከሁሉ ባነሰ ደረጃ በሚያውቀው ቋንቋ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጥ። በካርቱም ዴም ሠፈር ጀበና አስቀምጠው ቡናና ሻይ ስለሚሸጡ ኢትዮጵያውያት የምታጠና አንዲት የማስተርስ ተማሪ እናስብ። ከሴቶቹ ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጣ በአማርኛ ትጫወታለች። አንዲቱ እንዲህ ትላታለች እንበል፤ «ሰው ቤት ስሠራ ቀኑ የእነሱ ነበር፤ ጀበናዬን ይዤ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑ የእኔ ሆነ፤ ብርዱም ሐሩሩም የእኔ ነው»። ተማሪዋ ይህን ሰምታ ልቧ ተነክቶ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ማታ በእንግሊዝኛ የምትጽፈው ግን «የሴቶቹ የኢኮኖሚ ነጻነት ጨምሯል» የሚል አንድ ደረቅ ዐረፍተ ነገር ይሆናል። ለምን? ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ ያላት ያን ያህል ስለሆነ ነው።

ልብ እንበል፤ እዚህ ላይ የጠፋው ሰዋስው አይደለም። ሴትዮዋ የተናገረችው ስለ ገቢ ሳይሆን ስለ ጊዜ ባለቤትነት ነበር። ምናልባትም ገቢዋ ቀንሶ ይሆናል፤ ቀኗ ግን የራሷ ሆኗል። ያ ሐሳብ ጥናቱን ሙሉ ሊያቀና የሚችል ሐሳብ ነበር። አማርኛውን ትቶ ወደ እንግሊዝኛው ሲሻገር መንገድ ላይ ቀረ። እንግዲህ የእርዳታ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ይህችን ተማሪ ማን ይርዳት? እንዴትስ አድርጎ?

ሁለት ክፉ ልማዶች

አንደኛው ልማድ አለመርዳት ነው። ብዙ ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ የሚያማክር መምህር ምዕራፉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ በኅዳጉ ላይ «ቋንቋው ይስተካከል» ብሎ ይመልሰዋል። መምህሩ ውሸት አልተናገረም። ነገር ግን መንገድ የጠፋውን ሰው «መንገዱን ፈልግ» ብሎ እንደ መሸኘት ነው። የትኛው ቋንቋ? የትኛው ዐረፍተ ነገር? በምን ምክንያት? ተማሪዋ ጥያቄዋን ይዛ ትወጣለች። ይህ ዝምታ ብዙ ጊዜ የጥራት ጥበቃ መስሎ ይታያል፤ «ማስተርስ የደረሰ ሰው መጻፍ መቻል አለበት» ይባላል። መጻፍን ሳያስተምሩ መጻፍን መፈተን ግን ሳይዘሩ ማጨድ ነው።

ሁለተኛው ልማድ ከመጀመሪያው ይወለዳል። በሩ የተዘጋባት ተማሪ ወደ ተከፈተው በር ትሄዳለች። በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ ዙሪያ በግንብና በምሰሶ ላይ ተለጥፈው ሲነበቡ የኖሩትን «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች ያላየ መንገደኛ የለም ማለት ይቻላል። በዐረቡ ዓለምም ጥናት አዘጋጅቶ የሚሸጥ ሰው ማግኘት አይቸግርም። «ማማከር» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ብዙ ሸክም ተሸክሟል። በእውነት የሚያማክር አለ፤ ከርእሱ እስከ መደምደሚያው ጽፎ አጥርዞ የሚያስረክብም አለ።

ጽፎ የሚሸጠውም ቢሆን መከራከሪያ አያጣም። የመጀመሪያው መከራከሪያው እንዲህ ይላል፤ ተማሪው ዕውቀት ሳይሆን ቋንቋ ነው የጎደለው፣ እኔ የምሸጥለት ቋንቋውን ብቻ ነው። ይህ መከራከሪያ በዴም ምሳሌያችን ላይ ወድቋል። ቋንቋና ሐሳብ እንደ ዕቃና እንደ ማሸጊያው የሚነጣጠሉ አይደሉም። ያ ጸሐፊ ሴትዮዋን አልሰማትም፤ ስለዚህ «የኢኮኖሚ ነጻነት» የሚለውን ሐረግ በሚያምር እንግሊዝኛ አጅቦ፣ በሦስት ገጽ አስፋፍቶ ይጽፈዋል። ስሕተቱ ይበልጥ ያምራል፤ ይበልጥም ይታመናል።

ሁለተኛው መከራከሪያ የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከመጠጣት በቀር ማንም አያነበውም የሚል ነው። የራሳችን ታሪክ ይህን አይደግፍም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረው የተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር ከ1953 ጀምሮ ያወጣው በነበረው ቡሌቲን ተማሪዎች ስለየአገራቸው ልማድና ሥርዓት ይጽፉ ነበር። ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ነበሩ። ሥራቸው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ተሰብስቦ እንደገና ታተመ፤ ምክንያቱም ያዩትን የጻፉ በመሆናቸው ነው። ማንም አያነበውም ተብሎ የሚጻፍ ጽሑፍ በእርግጥም የሚነበብ አይሆንም።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከሁሉ የከበደ ስለሆነ በችኮላ ልናልፈው አይገባም። «ገንዘብ ያለው ተማሪ በውድ ዋጋ አስጽፎ በማዕረግ ሲመረቅ፣ በሐቅ የሠራው ድኻ በደካማ እንግሊዝኛው ይወድቃል፤ ታዲያ ሐቀኛ ሁን የምትሉት ማንን ነው?» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ በደል ነው። ነገር ግን ከዚህ በደል የሚወጣው ትክክለኛ መደምደሚያ ሁሉም ያስጽፍ የሚለው አይደለም። ለሁሉም የሚደርስ እርዳታ ይኑር የሚለው ነው። ተማሪን በጽሑፉ መርዳት የመምህሩ በጎ ፈቃድ ተደርጎ የሚታይ ከሆነ ገበያው ያሸንፋል፤ የፍትሕ ግዴታ ተደርጎ ከታየ ግን ገበያው ደንበኛ ያጣል።

የቅኔ ቤቱ ሕግ

በማይናገሩት ቋንቋ አዲስ ሐሳብ መግለጽን ማስተማር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪም በቤቱ በማይናገረው በግእዝ እንዲቀኝ ነበር የሚጠየቀው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ ስማቸው የተጠራው በዚሁ ሙያ ነው። ስለዚህ የቅኔ ቤቱ መምህር ተማሪውን እንዴት እንደሚረዳ ማየት ለጥያቄያችን ብዙ ብርሃን ይሰጣል።

የኔታ ራሳቸው ቅኔ ዘርፈው ለተማሪዎቻቸው ያሰማሉ፤ ሰሙንና ወርቁን ፈትተው፣ አገባቡን አብራርተው ያሳያሉ። ተማሪው ያንን አርአያ ይዞ ለብቻው ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል። ሲጀምር የሚቆጥረው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ነው፤ ቀስ በቀስ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ በመጨረሻም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። የተበላሸው ይታረማል፤ ጨርሶ ያልሆነው ይመለሳል። አስነጋሪው ደግሞ ራሱ ገና ተማሪ ሆኖ ከእርሱ በታች ያሉትን የሚያዳምጥ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ሦስት ነገር እንማራለን። በመጀመሪያ፣ እርዳታው ብዙ ነው። ማንም ተማሪ አርአያ ሳይሰጠው ቁጠር አይባልም። «ራስህ ማወቅ አለብህ» ብሎ ማባረር የቅኔ ቤት ጠባይ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ያ ሁሉ እርዳታ የማይነካው አንድ ሰዓት አለ፤ ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ የሚቆጥርበት ሰዓት። የኔታ ከዛፉ ሥር ገብተው አይቆጥሩለትም። አርአያው ከፊት፣ እርማቱ ከኋላ፣ መካከሉ ግን የተማሪው ነው። በሦስተኛ ደረጃ፣ መለኪያው በእጅ ያለው ቅኔ ሳይሆን የነገው ቅኔ ነው። ቅኔ አንድ ጊዜ ከተባለ ለሌላ ቀን አይደገምም፤ ሁልጊዜ አዲስ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ለተማሪ አንድ ያማረ ቅኔ ሰጥቶ መሸኘት ትርጉም የለውም፤ ነገ ሌላ ይጠየቃልና።

የግሪኩ ፈላስፋ ሶቅራጥስም ቢሆን፣ ፕላቶን «ቴአይቴቶስ» በተባለው ድርሳኑ እንዳሳየው፣ ሥራውን ከእናቱ ሙያ ጋር ያመሳስል ነበር። እናቱ አዋላጅ ነበረች። አዋላጅ ምጥን ታቀልላለች፣ የተወለደውንም ትመረምራለች፤ አርግዛ አትወልድለትም። የቅኔ ቤቱና የአቴናው አደባባይ ሳይተዋወቁ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ የዕውቀት እርዳታ ዋጋው የሚለካው ተረጂው ከእርዳታው በኋላ በሚሆነው ነገር እንጂ በእጁ በያዘው ነገር አይደለም።

ደራሲ ማለት ተጠሪ ማለት ነው

ዓለም አቀፉ የምርምር ማኅበረሰብም ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ ተቃርቧል። በ1978 በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው የጀመሩት የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች፣ ስሙ በደራሲነት ሊጻፍ የሚገባው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መስፈርት አውጥተዋል። በሥራው ላይ መሳተፍ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ የሚሉት ቀድሞ የነበሩ ናቸው። በ2013 ግን አራተኛ ጨመሩበት፤ ለሥራው ሁሉ ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። በ2022 መጨረሻ ጽሑፍ የሚያመነጨው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሕዝብ በተለቀቀ ጊዜ ይህ አራተኛ መስፈርት ወዲያው አስፈለገ። የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ በ2023 እንዲህ ያለው መሣሪያ ደራሲ ተብሎ ሊመዘገብ አይችልም ብሎ አቋሙን አሳወቀ። ከሰጣቸው ምክንያቶች ዋነኛው መሣሪያው ለሥራው ተጠያቂ ሊሆን የማይችል መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁልፍ አገኘን። ደራሲ ማለት እያንዳንዱን ቃል በገዛ እጁ የጻፈ ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ቃል «ይህን ለምን አልክ?» ሲባል ተነሥቶ የሚመልስ ነው። እንግዲያስ የእርዳታን ወሰን ለማግኘት የሚያገለግለን ጥያቄ ይኸው ነው፤ ይህ እርዳታ ተማሪው ስለ ጽሑፉ የመመለስ ችሎታውን ጨመረለት ወይስ ቀነሰበት?

ይህን መመዘኛ ይዘን ስንሄድ ብዙ ነገር ይጠራል። ገንዘብ መከፈሉ ብቻውን ነውር አይደለም። በመጨረሻ ሰዓት ፊደል የሚለቅምለት፣ የሰዋስው ስሕተት የሚያሳየው ባለሙያ የከፈለ፣ ይህንንም ያልደበቀ ተማሪ ጽሑፉ የራሱ ነው፤ ስለ ሐሳቡ ይጠየቃል፣ ይመልሳልም። በነጻ መሆኑም ብቻውን ንጹሕ አያደርግም። ለወንድሙ ከፍቅር ብዛት ምዕራፍ የጻፈ ሰው ወንድሙን በፈታኞቹ ፊት አፍ አልባ አድርጎታል። ከስልኩ የተገለበጠውም ገጽ እንደዚያው ነው፤ ቋንቋው እንከን የለውም፣ የሚጠየቅለት ግን የለም።

ተጠያቂነቱ ደግሞ ለፈታኞች ብቻ አይደለም። ወደ ዴሟ ሴት እንመለስ። የቀኗን ሰዓት ሰውታ፣ ደንበኞቿን እያስተናገደች፣ ለማታውቃት ተማሪ ሕይወቷን የነገረችው በአንድ እምነት ነው፤ የሰማችኝ ልጅ የሰማችውን ትጽፋለች በሚል። ጽሑፉን ሌላ ሰው ከጻፈው ይህ እምነት ፈረሰ። በዩኒቨርሲቲው ላይ የተፈጸመ ማጭበርበር ነው ብለን ስንናገር ዩኒቨርሲቲውን ብቻ ተበዳይ እናደርጋለን። ከዩኒቨርሲቲው በፊት የተበደለችው ግን ስለ ጊዜዋ ተናግራ ስለ ገቢዋ የተጻፈባት ሴት ናት። በስደት ለሚኖር ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ እኛ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ በሌላ ሰው ብዕር ነው፤ የራሳችን ልጅ ብዕሩን ካገኘ በኋላ ለሌላ ሰው አሳልፎ ከሰጠው የሚያሳዝነው ለዚህ ነው።

የረዳን ስም

የተጠያቂነት ሌላ ገጽታው ረዳትን በስሙ መጥራት ነው። ለዚህ ከታሪካችን የሚጠቀስ ምስክር አለ። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 በሮም ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራው መካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። በ1652 ወደ ጎታ ተጋብዘው ሄዱ፤ በዚያም የኢትዮጵያን ቋንቋ፣ ታሪክና ሥርዓት ለሉዶልፍ አስረዱ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ ታላቁን የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉን ያሳተመው ከብዙ ዓመት በኋላ በ1681 ነው። ወዳጁ በሕይወት አልነበሩም፤ ስማቸውን ቢያስቀር የሚከሰው አልነበረም። እርሱ ግን ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ በግልጽ ጻፈ፤ በ1691 ባወጣው ማብራሪያ መጽሐፍ ውስጥም ሥዕላቸውን አስገባ። ይህን በማድረጉ የሉዶልፍ ክብር አልቀነሰም። አባ ጎርጎርዮስን ዛሬ የምናውቃቸው በአብዛኛው ስለ ጠቀሳቸው ነው።

ብዙ ተማሪ የረዳውን ሰው ስም መጻፍ ድክመቱን መግለጥ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በምስጋና ገጽ ላይ በስም ሊጠራ የሚችል እርዳታ ጤናማ ነው፤ በስም ቢጠራ የሚያሳፍር እርዳታ ግን ከወሰኑ አልፏል ማለት ነው። ከዚህ የቀለለ መፈተኛ ማግኘት ያስቸግራል። «እገሌ የእንግሊዝኛውን ሰዋስው አየልኝ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። «እገሌ አራተኛውን ምዕራፍ ጻፈልኝ» ብሎ የጻፈ ግን እስካሁን አልታየም።

እንግዲያስ እንዴት እንርዳ?

የመጀመሪያው ነገር ብዕር ከማንሣት በፊት መጠየቅ ነው። ተማሪዋ ምዕራፏን ይዛ ስትመጣ ወረቀቱን ተቀብሎ መሠረዝ ከመጀመር ይልቅ «እስቲ ወረቀቱን ዝጊውና በአማርኛ ንገሪኝ፤ ሴትዮዋ ምን አለችሽ?» ማለት ይበልጣል። ያን ጊዜ «ቀኑ የእኔ ሆነ» የሚለው ቃል ይወጣል። ቀጥሎ «ታዲያ ይህ ወረቀቱ ላይ የት አለ?» ተብላ ስትጠየቅ ተማሪዋ ራሷ የጎደለውን ታያለች። ረዳቱ አንድም ቃል አልጻፈም፤ ጥናቱ ግን ተቃንቷል። እንግሊዝኛዋ አሁንም ያነክስ ይሆናል። የሚያነክስ እውነት ግን ከሚደንስ ስሕተት ይሻላል፤ የሚያነክሰውን ማቃናትም አይከብድም።

ሁለተኛው ነገር ሁሉንም አለማረም ነው። በየገጹ የተደጋገመውን ስሕተት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ላይ አሳይቶ፣ ምክንያቱን አስረድቶ፣ የቀረውን ተማሪው ራሱ ፈልጎ እንዲያርም መተው ይገባል። መቶ ገጽ አርሞ የሚመልስ ደግ ሰው ተማሪውን ለመቶ ገጽ አገልግሎታል፤ ሁለት ገጽ አርሞ የሚያስረዳው ግን ለዕድሜ ልኩ።

ሦስተኛው ነገር በነጻ የሚሰጠውን ከማይሰጠው መለየት ነው። ምንጭ እንዴት ይጠቀሳል፣ ሠንጠረዥ የት ይገባል፣ ምዕራፍ በምን ቅደም ተከተል ይደረደራል የሚለው ሥርዓት ነው፤ ያለ ስስት ሊነገር ይገባል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ጸሐፊ የነበሩት ኬት ቱራቢያን ተማሪዎች በየጊዜው የሚቸገሩበትን ይህንኑ ሥርዓት በ1937 በአንዲት ትንሽ መመሪያ አዘጋጁት፤ መመሪያዋ አድጋ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራባታል። እንዲህ ያለውን ነገር መደበቅ ጥራትን አያስጠብቅም፤ አዋቂ ዘመድ የሌለውን ብቻ ይጎዳል።

አራተኛው ነገር ኀፍረትን ማስወገድ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ መምህር ሃዋርድ ቤከር በ1986 ባሳተመው ስለ ጽሕፈት በሚናገር መጽሐፉ እንዳሳየው፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን የሚያስረው አንዱ ነገር ሌሎች ሰዎች በአንድ ጊዜ አስተካክለው ይጽፋሉ የሚል ግምት ነው። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ተማሪዎች እንኳ እንዲህ ከተጨነቁ፣ የእኛ ልጅ ቢጨነቅ አያስደንቅም። መምህሩ የራሱን ሥርዝ ድልዝ የበዛበት ረቂቅ አንድ ቀን ቢያሳየው፣ ወይም አራት አምስት ተማሪዎች በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው እንደ አስነጋሪው የአንዱን ገጽ ሌላው ቢያዳምጥ፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅማል። ጽሕፈት ቤት ሄዶ የሚያስጽፍ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ ብዙው ያፈረና ብቻውን የቀረ ነው።

ከእሳት የሚተርፈው

ይህን ሁሉ የምንለው በሰላም ዘመን ብቻ ለሚሠራ ነገር አይደለም። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ካይሮ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተበተኑ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። በዓመታት የተሰበሰበ መጽሐፍና ሰነድ አመድ ሆነ። በየቤቱ የቀረው ኮምፒዩተር፣ ቃለ መጠይቅ የተቀዳበት ስልክ፣ በአማካሪው እጅ የነበረው ረቂቅ ስንት እንደሆነ ማን ቆጥሮት!

እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ነው የሁለቱ እርዳታዎች ልዩነት ፊት ለፊት የሚታየው። የተጻፈለት ሰው ወረቀቱ ሲቃጠል የነበረውን ሁሉ አጥቷል፤ መልሶ ሊጽፈው አይችልም፣ መጀመሪያም አልጻፈውምና። እንዲጽፍ የተረዳው ሰው ግን ያጣው ወረቀት ነው። የሰማውን ያስታውሳል፣ ለምን እንዳለው ያውቃል፣ የጎደለውን እንዴት እንደሚጠይቅም ተምሯል። አማካሪው በሌላ አገር ሆኖ በዋትሳፕ በሚልካት የሁለት ደቂቃ ድምፅ «ሴትዮዋ ምን ነበር ያለችሽ?» ብሎ ቢጠይቃት መልሱ አፏ ላይ ነው።

ሃምሳውን ሎሚ መካፈል ተገቢ ነው፤ አርአያውን አንዱ፣ እርማቱን ሌላው፣ ማበረታቻውን ሦስተኛው ይያዝለት። የመጨረሻዋን አንዲት ሎሚ ግን ለባለቤቷ እንተውለት። «ይህን ያልኩት እኔ ነኝ» የምትለዋ ሎሚ ማንም ሊሸከምለት የማይገባ ናት፤ እርሷን የወሰድንበት ዕለት ሸክሙን ሳይሆን ጌጡን ወስደንበታል።